ተረከዜና የቫይረስ ቅርፊት

የታመመ ሰው ጠያቂ አያጣም ይባላል። ያጣል።

መጀመሪያ የተሰማኝ የተረከዝ ውጋት ነበር። ቡራዩ፣ ቤቴ አጠገብ ባለ ግንባታ በኩል ሳልፍ ሚስማር ሸራ ጫማዬን በስቶ ወጋኝ። ቁስሉ ላዩን ቢድንም ውስጡ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ሆስፒታል ስገባ የሰበታ ወዳጆቼ ብርቱካን ተሸክመው መጡ። ካልቸሩ፣ ከቁስሉ ተወስዶ ላቦራቶሪ የበቀለው ናሙና፣ መድኃኒት የተላመደ ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ሲያሳይ ግን ለብቻዬ አስተኙኝ። ጠያቂ ከበሩ አያልፍም ተባለ። ወዳጆቼም በሩ ድረስ መምጣቱን ተዉት።

«ኦስቲዮማይላይተስ ነው፤ ኢንፌክሽኑ አጥንት ገብቷል» አለችኝ ዶክተሯ። «አጥንቱን ጠርገን የቀረንን አንቲባዮቲክ እንሞክራለን። ካልሠራ እግርዎ ይቆረጣል።»

አላለቀስኩም። አልተኛሁም። አነበብኩ።

ባክቴሪያ የሚገድሉ ቫይረሶች አሉ፤ ባክቴሪዮፋጅ ይባላሉ። በእነሱ መታከም እችል እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እዚህ የለንም። ማንበቡን ግን ይቀጥሉ።»

ቀጠልኩ። ቫይረሱ ቅርፊቱን የሚያሠራው ባክቴሪያው ሆድ ውስጥ ነው። የቅርፊቱ ፕሮቲኖች ብቻቸውን ሲገጣጠሙ ብዙ ጊዜ ይጣመማሉ። ስለዚህ ሌሎች ፕሮቲኖች፣ ግንበኛ እንደሚያቆመው ባሕር ዛፍ፣ ከውስጥ ይደግፏቸዋል። ቅርጹ ሲይዝ ደጋፊዎቹ ይወጣሉ፤ ዲ ኤን ኤው በአንዲት ቀዳዳ ተገፍቶ ይገባል፤ ቅርፊቱም ሰፍቶ ይጠነክራል። በቫይረስ ቀናሁ። እሱ እንኳ ደጋፊ አለው።

የቀድሞ አከራዬ፣ ሽማግሌው ኦቦ ገመቹ ብቻ፣ ከሱሉልታ ታክሲ እየቀያየሩ ይመጡ ነበር። በሩ ላይ ይቆማሉ።

«አካም ጅርታ? እግርህ አለ?»

«አለ፣ ኦቦ።»

«እና ምን ያስተኛሃል? ሰነፍ!»

ይስቃሉ። ከዚያ ዘበኛው እስኪያስወጣቸው እዚያው ይቆማሉ።

አጥንቴን ጠረጉት፤ መድኃኒቱም ሠራ። መግሉ ደርቆ፣ ትኩሳቱ ለቆኝ፣ መጀመሪያ በክራንች ከአልጋዬ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ውሎ አድሮም በቡራዩ ኮረኮንች ላይ በሁለት እግሬ መሄድ ቻልኩ፤ አነክሳለሁ፣ የማነክሰው ግን በገዛ ተረከዜ ነው።

ዶክተሯን አመሰግናለሁ። ኦቦ ገመቹን ሳመሰግናቸው «ሥራ ፈትቼ ነው!» ብለው ተቆጡኝ።

ሚስማር የወጋችሁ፣ ላዩ ዳነ ብላችሁ አትታለሉ፤ ከፋርማሲ በግምት ክኒን ከመግዛታችሁ በፊት ካልቸር አሠሩ። ለብቻው የተኛ ሰው ያላችሁ ደግሞ ብርቱካኑን ተዉትና እናንተው ሂዱ። አላስገባም ካሏችሁ በር ላይ ቁሙ።