ገበር ውስጥ የተደበቀ ቃል

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ጆሮው ግን ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ «የተደበቀ መልእክት ሰው ሳይታወቀው አእምሮው ውስጥ ገብቶ ያዝዘዋል» ሲባል ሰማ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! በሚሰፋው ኮት ሁሉ፣ ገበሩ ውስጥ፣ ልክ ልብ በሚመታበት በኩል፣ በወፍራም ክር «ተመለስ» የሚል ቃል ይጠልፍ ጀመር። ደንበኛው ሳያውቀው እግሩ ወደ እኛ ይመልሰዋል ማለት ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው በክር ከምትጠልፍ ቁልፉን አጥብቀህ አትሰፋም?» ስለው «አንቺ ሳይንስ አይገባሽም» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ሰሞኑን ሱቁ ውስጥ አብሬው ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከእሱ ሌላ ልብስ ሰፊ የማያውቀው ጎረቤታችን ፀጉር ቆራጩ ብቅ አለ። አዲሱን ኮቱን ለብሷል፤ በብብቱ የሱሪ ጨርቅ ይዟል። ባሌ «ተመልከቺ እንግዲህ» ብሎ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ሰውየው ደጃችን ደረሰና ቆመ። ደረቱን በግራ በኩል እከክ እከክ አደረገ፤ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ዞር ብሎ ማዶ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሰተት ብሎ ገባ።

ዝም ብል ምን ነበረበት? አልቻልኩም። «ለመሆኑ ወደ ደጃችን ተመለስ ነው ያልከው ወይስ ከደጃችን ተመለስ?» አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ጭራሽ በራ።

«አየሽ አይደል?» አለኝ፤ «ይሠራል!»