የአደንጓሬዋ ሁለት ስንቆች

ልጅ ሳለሁ ተረት የነገረኝ ሰው ሁሉ ግራ አጋብቶኝ ነበር የሚሄደው፤ ከሁሉም የባሱት እማማ ዘነበች ነበሩ። ባቡሩ ገና ከወደብ ከተማችን ድሬዳዋ በሚመላለስበት ዘመን እናቴ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ የፈረንጅ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነበረች። ልጅ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ለሚኖሩት ለእኚህ ልብስ ጠጋኝ አሮጊት ሰጠችኝ። ያኔ ሲመሻሽ እኔ መርፌያቸው ላይ ክር አስገባለሁ፣ እሳቸው በፋኖስ ብርሃን እየሰፉ፣ የከሰሉ ፍም አመድ እየለበሰ ሲሄድ፣ ያወጉኛል።

እናቴ በጀልባ ወደ የመን ልትሻገር መሆኑን በሰማሁ ሰሞን እማማ ለቅቅል ከለቀሙት አደንጓሬ አንዷን በወተት ቆርቆሮ ተከሉልኝ።

«አደንጓሬ መንገድ ልትወጣ ስትል እናቷ ሁለት ስንቅ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችላት። ስንቁ ሲያልቅ ይረግፋል፤ ከዚያ በራሷ ቅጠል ትኖራለች።»

«እናቷስ?»

«እናቷማ አፈር ሆነች። ክሩን አስገቢልኝ፣ አንቺ ወሬኛ።»

ለልጅ እንዲህ ይባላል?

በቀለች። እውነትም አንገቷን ደፍታ ሁለት ወፍራም ስንቅ ተሸክማ ወጣች። ቀጥላ ልብ የሚመስሉ ሁለት ቅጠሎች ዘረጋች። ከዚያ የመጣው ቅጠል ግን አንድ አገዳ ላይ ሦስት ሆኖ ሲወጣ ሌላ ተክል የገባባት መሰለኝ። ስንቆቹ ሲጨማደዱ ደግሞ ፈራሁ። ከረገፉ እናቴ ትሄዳለች፣ ሄዳም አፈር ትሆናለች ብዬ፣ ከእማማ ክር ሰርቄ ከግንዷ ጋር አሰርኳቸው።

አንድ ዓርብ እናቴ ልትሰናበተን መጣች። ድምጿን በር ላይ ስሰማ ቅጠሎቹ አቧራ ለብሰው አየሁ። እሷ ጠረጴዛ መወልወል እንዳስተማረችኝ በጨርቅ ወለወልኳቸው። ቅጠሉ ጨርቁን ያዘ። ሳብ ባደርገው አልለቅም አለ። ጠንከር አድርጌ ስስበው ከነሥሯ፣ ከነስንቋ፣ ከነክሩ ተነቅላ መጣች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለች እናቴ።

አትሂጂ ልላት ነበር። «አቧራ ነበረው» አልኳት።

ሳቀች። አንዱን ቅጠል ቀጥፋ ቀሚሷ ላይ፣ ደረቷ ጋ ጫን አደረገችው፤ ያለ መርፌ ያለ ክር ተጣበቀ። እንደዚያው ሄደች።

ካደግሁ በኋላ ማንበብ በራሴ ተምሬ አንድ የዕፅዋት መጽሐፍ ላይ ደረስኩ። የአደንጓሬ ቅጠል ላዩ በጥቃቅን ጠጉር የተሸፈነ ነው፣ የጠጉሩም ጫፍ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ነው ይላል። እማማ ስንቅ ያሉት የፍሬዋ ሁለት ክፋይም መርገፉ ጤንነት ነው ይላል። ስለ እናትየዋ ግን ቃል አልተነፈሰም፤ መጽሐፍም እንደ ወንድ ነው፣ የምትፈልጊው ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።

እናቴ በሄደች በሁለት ዓመቷ ወፍራ ተመልሳ ነበር። ቅጠሉን ምን እንዳደረገችው ጠየቅኳት።

«የምን ቅጠል?» አለችኝ።

ከበራችን ሳትርቅ አራግፋው እንደሆነ፣ ባሕሩ ላይ ደርቆ ረግፎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አደንጓሬ በለቀምኩ ቁጥር ግን አንዷን ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ ተክያት አላውቅም።