ሮቤ ጎባ በሽቦ

ከአገሬ ልወጣ አንዲት ሌሊት ስትቀረኝ፣ ማታውን ብርድ ነበር ብል የባሌ ሰው ይስቅብኛል፤ ብርድ ያልነበረበትን ማታ ንገረን ይለኛል። ስለዚህ እንዲህ ልበል፦ ያን ማታ አባቴ የተናገራት ቃል ከአፉ ስትወጣ በረዶ ሆና መሬት ወደቀች፤ ወላሂ ጎንበስ ብዬ ነው ያነሳኋት። ቃሏም «ይሄ ነገር ገብስ ይጭናል?» የምትል ነበረች።

ይሄ ነገር ያለው የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ነው። እኔ ጀማል፣ የሮቤ ጋሪ ነጂ፣ ማትሪክ ላይ ያመጣሁት ነጥብ ከጋሪያችን ጎማዎች ቁጥር የሚያንስ ሰው፣ በማግሥቱ ወደ ቡልጋሪያ ልጓዝ ነበር። እዚያ ከላይ ሽቦ ይዞ የሚሄድ አውቶቡስ መንዳት ተምሬ፣ ተመልሼ ከሮቤ ጎባ ላመላልስ። እንዴት ተመረጥክ ለምትሉኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ነው፤ አንድ ካድሬ የቀበሌው አዳራሽ መጥቶ፣ ወዳጅ አገር ሊረዳን ነው፣ ነዳጅ የማይጠጣ አውቶቡስ ይመጣል፣ ጎመን ሻጯም ድንች ተሸካሚውም እንደ ሹም ተቀምጦ ጎባ ይገባል አለ። ከዚያ «የከተማ ትራንስፖርት ልምድ ያለውና ማንበብ የሚችል ጓድ እጁን ያውጣ» ሲል እኔ እጄን አላወጣሁም። በግራና በቀኜ የተቀመጡት ጋሪ ነጂዎች ናቸው ያወጡልኝ። ለእኔ አስበው እንዳይመስላችሁ፤ ከሰልፉ ላይ አንድ ጋሪ ሊቀንሱ ነው።

አባቴ ግን ነገሩን ከልቡ ያዘው። ቤታችን ከሮቤ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ መሐል ላይ ነው። መሐል መሆን ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሮቤ የሚነሣ መኪና ካልሞላ አይንቀሳቀስም፤ ከጎባ የሚነሣውም እንደዚያው። ስለዚህ በእኛ ደጅ የሚያልፈው ሁሉ ጢም ያለ ነው። እኛ የመሐል ሰዎች መኪናን የምናውቀው በጀርባው ነው፤ ከፊት ምን እንደሚመስል ሮቤ ወርደን ነው የምናየው። አባቴ ጋሪ የገዛው ለዚህ ነበር፤ ሽማግሌውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ድንች የያዘችውን ከመንገድ ዳር ለማንሳት። ፈረሳችን ቦራ ግን አርጅቶ ነበር፤ አባቴም ሌላ ፈረስ የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። ከእኔ የሚጠብቀው ሥልጣኔ አልነበረም፤ ቦራ ሳይሞት የሚተካው ነገር ይዤ እንድመጣ ነበር።

«ይጭናል አባ፤ ገብስም ሰውም ይጭናል» አልኩት።

«እኛ ጋ ይቆማል?»

«እንዴት አይቆምም? እኔ እኮ ነኝ የምነዳው።»

«እንግዲያው ሂድ። ቶሎ ተመለስ፤ ፈረሱ እንደ መንግሥት ዕቅድ አይታገሥም።»

ሊነጋጋ ሲል በጋሪው አውቶቡስ ተራ አደረሰኝ። አውቶቡሱ አልሞላም። ተሰናብተን ቆምን። እንደገና ተሰናበትን፤ አሁንም አልሞላም። አባቴ ደጋግሞ የመረቀኝ ምርቃት እንኳን ለእኔ ለሮቤ ሰው ሁሉ ይበቃ ነበር። በመጨረሻ በግ የታቀፈ ሰውዬ መጣና የቀረችውን ወንበር ከነበጉ ሞላት፤ በዶዶላ በሻሸመኔ አድርጌ ሸገር ስደርስ እንደ በጉ ነበር የምሸተው። አውሮፕላኑ ደግሞ ባዶ ወንበር እያለው ተነሣ። ፓይለቱን «ትንሽ ብንጠብቅስ?» ሊለው የሚችል አንድ ሽማግሌ በመካከላችን ጠፍቶ ነው እንጂ ብክነቱ ያሳዝን ነበር።

የገባሁባት ከተማ ስሟ ሲጠራ እንደ አጥንት ጉሮሮ ላይ የሚጎረብጥ ስለሆነ አልጠራውም። ክፍል ፍለጋ አንድ ደጅ አንኳኳሁ። ባባ ፔንካ፣ አያት ፔንካ እንደ ማለት፣ የሚባሉ አሮጊት ከፈቱልኝ። «ክፍል አለ?» ስላቸው ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁ። ደስ ብሎኝ ሻንጣዬን ይዤ ስገባ በደረታቸው ገፍተው አወጡኝ። «ይቅርታ፣ የለም ማለትዎ ነው?» ብል ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። አዝኜ ልሄድ ስዞር ኮቴን ይዘው ጎትተው አስገቡኝ። ለካስ በዚያ አገር መነቅነቅ እምቢታ፣ መወዝወዝ እሺታ ነው። እኔም በበኩሌ አላረፍኩም፤ እኛ አገር አዎ ስንል ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን አይደል? ባባ ፔንካ በጠየቁኝ ቁጥር እኔ ትንፋሼን ስስብ፣ እሳቸው አስም የያዘው ሰው መስዬአቸው የማላውቀውን ቅጠል እያፈሉ ያጠጡኝ ጀመር።

«ይሄ ሥጋ የአሳማ ነው ባባ?» ስላቸው፣

«አሳማ አይደለም» አሉኝ፤ «ትንሽ ብቻ ነው።»

ምግባቸውን አላማም። ሊዩቴኒጻ የሚሉት ቀይ ነገር አለ፤ ሳየው ድልህ መስሎኝ እንባዬ መጣ፣ ስቀምሰው ጣፋጭ ሆኖ እንባዬ ተመለሰ። ኪሰሎ ምልያኮ የሚሉት ደግሞ እርጎ ነው፤ በዓለም የታወቀ ነው ብለው ይኮሩበታል። እኔም የእናቴን እርጎ፣ ኢቲቱን፣ በቅል ታጥኖ ሲቆረጥ እንደ አይብ የሚቆመውን፣ ስነግራቸው በትሕትና ሰሙኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አላመኑኝም ማለት ነው።

አሁን ወደ መኪናው። ትሮለይ ይሉታል። ጣሪያው ላይ ሁለት ረጃጅም ቀንዶች አሉት፤ ቀንዶቹ ከላይ የተዘረጋውን ሽቦ ይዘው ኃይል ይስባሉ። ቀንዱ ከሽቦው ካመለጠ መኪናው ባለበት ይሞታል፤ ነጂው ወርዶ ከኋላ በተንጠለጠለው ገመድ ጎትቶ ይመልሰዋል። ይህን ሥራ ከተማሪዎቹ ሁሉ ቀድሜ የቻልኩት እኔ ነኝ፤ ልጓሙ በጅራቱ በኩል ያለ ፈረስ ነው ብዬ አሰብኩና አለቀ። ሌላው ሁሉ ግን ፈተና ነበር። ዳገት ሲደርስ ምላሴን አጩሄ አበረታታው ነበር። አስተማሪዬ ጌዮርጊ፣ ጢሙ መጥረጊያ የሚያህል ሰው፣ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ሲለኝ «ከመኪናው» አልኩት። ጻፈብኝ።

የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ቀን መጣ። ፈቃዱን ካላገኘሁ ባዶ እጄን ወደ አባቴ መመለሴ ነው። ጠዋት ነው፤ ጌዮርጊ ከጀርባዬ ተቀምጧል። መነሻው ጣቢያ ላይ በሩን ከፈትኩ። አንድ ሽማግሌ ገቡ። በሩን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ።

«ለምን አንሄድም?» አለ ጌዮርጊ።

«አልሞላም።»

«ምኑ?»

«ሰው ነዋ።»

ጌዮርጊ ዞር ብሎ አየ። «ሰው አለ።»

«አንድ ናቸው። እሳቸውም ቀጭን ናቸው።»

«ጓድ ጀማል፣ ሰዓቱ አልፏል።»

«ሰዓቱ ይለፍ፣ ሰዉ ይምጣ።»

የትሮለይ ነገር ደግሞ አንዱ አንዱን አይቀድምም፤ ሽቦው አንድ ነው። ከኋላዬ ሌላ መጣና ቆመ። ከእሱም ኋላ ሌላ። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል ሰልፉ እንደ ግመል ቅፍለት ተቀጣጥሎ ጫፉ አይታይም፤ የከተማዋ ግማሽ ሥራ አልገባም ብል ያጋነንኩ ይመስላችኋል፤ ሩቡ ግን አልገባም። ነጂዎቹ ወርደው መጡ። እንግዳ ሲመጣ ዝም አይባልምና እኔም ወርጄ አንድ በአንድ እየጨበጥኩ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ከብቱ ደህና ነው እያልኩ ጠየቅኳቸው። አንደኛው ስለ እናቴ የሆነ ነገር ተናገረ፤ የስድብ ቋንቋቸው ገና ስላልገባኝ አመሰገንኩት።

ወደቅሁ። ጌዮርጊ መኪኖቹ የሚያድሩበት ዴፖ ሻይ ቤት ወሰደኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ግራ ገብቶት ነበር።

«ባዶ ሄጄ ማንን ልጥቀም?» አልኩት።

«ቀጣዩ ፌርማታ ላይ የቆመውን።»

«እሱ ለምን ወደ መነሻው መጥቶ አይሳፈርም?»

«እግሩን ቢያመውስ?»

ሻይዬን አስቀመጥኩ። መንገድ ዳር ተወልጄ፣ መንገድ ዳር አድጌ፣ ሞልተው የሚያልፉ መኪኖችን ጀርባ ስረግም የኖርኩ ሰውዬ፣ መሪ በእጄ ሲገባ የመጀመሪያው ሥራዬ መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ ሆነ። የእኛ ጥበቃ መኪናው እንዲሞላ እንጂ ሰው እንዲደርስ እንዳልነበረ የነገረኝ ጎባን በካርታ የማያውቅ ባለ ጢም ነው። ያን ዕለት አባቴን በዓይነ ኅሊናዬ ሳየው ጋሪው ላይ አልነበረም፤ መንገድ ዳር እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር።

በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ። ባዶ መኪና ይዤ ተነሣሁ፤ ብክነቱ ቢያሳዝነኝም አለፍኩ።

ከዚያ የሮቤ ጎባን መስመር የሚያቅደው መሐንዲስ አስጠራኝ። ካርታ ዘርግቷል።

«በሮቤ ኤሌክትሪክ አለ?»

«አለ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ማታ ማታ። ከመግሪብ እስከ መኝታ፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ካለው።»

«እና አውቶቡሱ ማታ ብቻ ይሄዳል?»

«ገበያው ቀን ነው።»

«ታዲያ?»

«ገበያውን ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ካድሬያችንን ልጠይቅልዎ።»

መሐንዲሱ እርሳሱን አስቀመጠ። «ነዳጅ እንዳይጠጣ የሚመጣ አውቶቡስ፣ ነዳጅ በሚጠጣ ጄኔሬተር ሊሄድ ነው» አለና ካርታውን ጠቀለለ። አጠቀላለሉ ደስ አላለኝም።

በዚያው ሰሞን ለትምህርት የመጣ አንድ የጎባ ልጅ ቦራ መሞቱን ነገረኝ። አባቴ የዓይን ሞራ ጀምሮት ጎባ ሆስፒታል ይመላለሳል፤ በእግሩ ነው አለኝ። መኪኖቹ ሞልተው ያልፉታል። ብዙም ሳይቆይ ከእኛ ኤምባሲ አንድ ባለሥልጣን ጠራኝ።

«ዕቅዱ አልተሰረዘም» አለኝ፤ «ተሸጋግሯል።»

«ወዴት ጓድ?»

«ወደሚቀጥለው ዕቅድ።»

«እኔስ?»

«አንተ ወደ ጋሪህ ትመለሳለህ።»

«ፈረሱ ሞቷል።»

«እንግዲህ እሱም ተሸጋግሯል።»

ጌዮርጊ ነጂ ጎድሎናል፣ ይቺ በረዶ እስክታልፍ ቆይልን አለኝ። ቆየሁ። በረዶዋም አለፈች፤ የወለደቻቸው በረዶዎች ግን አሁንም እያለፉ ነው። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፤ ብመለስ ወደ ግንባር ይወስዱኛል፣ ትንሽ ላጠራቅም፣ ባባ ፔንካን ማን ይጠይቃቸዋል። እውነቱ ግን በዚያ መንገድ ዳር ባዶ እጄን ከምወርድ የቡልጋሪያ ብርድ ይሻለኛል። የሰጡኝ መስመር ከመሐል ከተማ ተነሥቶ የፋብሪካ ሴቶችና ድሆች እስከሚኖሩበት ዳርቻ ይደርሳል። በጥቅምት አሮጊቶቹ ለክረምት የሚያኮመጥጡትን ጥቅል ጎመን በጆንያ ይዘው ይቆማሉ፤ እየወረድኩ እጭንላቸዋለሁ። አይፈቀድም። ጌዮርጊ አሁንም ይጽፍብኛል።

አባቴ ጋ ስልክ የደወልኩት ከዴፖው ስምሪት ክፍል ነው። ቀጠሮ አስይዤ፣ እሱን ሮቤ ቴሌ አስጠርቼ። የሽቦው ነገር እንደማይመጣ፣ እኔም ለጊዜው እንደማልመጣ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስለማመድ አድሬያለሁ።

«አባ፣ ጀማል ነኝ። አካም ጅርቱ?»

«ነጋ፤ ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላሂ። በላህ?»

«በላሁ።»

«ገብስ አለ እዚያ?»

«አለ፤ ግን ቢራ ያደርጉታል።»

«አስተግፊሩላህ። ገብስ ምን በደላቸው?»

«ዓይንዎስ?»

«አንዱ ደህና ነው። ሌላው ቀድሞ ተኝቷል።»

«በምን መጡ ቴሌ ድረስ?»

«በምን እመጣለሁ? በእግሬ ነዋ። መኪኖቹ እንደ ልማዳቸው ናቸው። እና የሽቦው ነገርስ ኢልማ ኮ፣ ልጄ? እዚህ ሰዎች ይጠይቁኛል። ልጄ እየተማረ ነው እላቸዋለሁ።»

ይህቺ ነበረች ሰዓቷ። በሕይወቴ ብዙ ውሸት ያለ ችግር ያሳለፈ አፌ፣ አንዲት እውነት ስትመጣ በሩን ዘጋ። በመስኮቱ ሳይ አንድ ትሮለይ ከዴፖው እየወጣ ነው።

«ላሰማዎት?» አልኩት።

«አሰማኝ።»

መስኮቱን ከፍቼ የስልኩን እጀታ ገመዱ እስከፈቀደው ወደ ውጭ ዘረጋሁ። አጠገቤ የነበረው ጌዮርጊ ስልኩን ልጥለው መስሎት ገመዱን በሁለት እጁ ያዘ። ትሮለዩ ቀንዶቹን ሽቦው ላይ አንሸራትቶ፣ በመስኮቱ ሥር አልፎ፣ ታጥፎ ሄደ።

«ሰሙ?»

«ምኑን?»

«አለፈ እኮ አባ።»

«ምንም አልሰማሁም።»

«ድምፅ የለውም። በኤሌክትሪክ ስለሆነ ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው።»

መስመሩ ተንሿሿ። ከዚያ አባቴ የሰው ፈረስ ሲያሻሽጥ በሚናገርበት ረጋ ያለ ድምፅ፦

«እንግዲያው እዚህም በደጃችን አልፎ ይሆናል ኢልማ ኮ፤ እኛ ነን ያልሰማነው» አለኝ።

ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት የሮቤዋ ስልከኛ «ደቂቃው አልቋል» አለችና ቆረጠችው።

ስለዚህ እስካሁን አልነገርኩትም። እሱም ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር በልቼ እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ስለ ብርዱ ይጠይቀኛል፤ ስለ ባባ ፔንካ ጤና እንኳ ይጠይቀኛል። ስለ ሽቦው ግን አንድም ቀን ዳግመኛ አልጠየቀኝም።