የመትወሊ እርግቦች

ባሌ መትወሊ ኪኒኑን የተወው ብሶበት አይደለም፤ ድኛለሁ ብሎ ነው እንጂ። የጉበት በሽታው የያዘው ልጅ ሳለ፣ ለቢልሃርዚያ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አሰልፈው በአንድ መርፌ ሲወጉ ነው። ዘንድሮ ጤና ጣቢያው ሁላችንንም በነጻ መረመረን። እኔ ነጻ ነሽ ተባልኩ፤ ለእሱ ኪኒን ሰጡት። "ካቋረጠ ልፋቱ ሁሉ ገደል ነው የሚገባው፤ አደራ" ብላ ነርሷ የነገረችው ለእኔ ነው። የእኛን ወንዶች ታውቃቸዋለቻ።

ከዚያ ያ የእርግብ ሐኪም ነኝ ባይ መጣ። በሽተኛውን አስተኝቶ እርግብ እምብርቱ ላይ አጥብቆ ይይዛል። እርግቧ ስትሞት "መርዙን መጠጠችው" ይላል። የእኔው ጉድ ደግሞ እርግብ አርቢ ነው፤ ከእኔ ይልቅ እነሱን ያምናል። የጣራችን እርግቦች በየተራ እምብርቱ ላይ አለቁ።

"የሰይድ አባት፣ ኪኒንህን ዋጥ።"

"ወጥቶልኛል አልኩሽ እኮ፣ የሰይድ እናት።"

"እርግቧ ናት የነገረችህ?"

"ሞታ ነገረችኛ።"

ምን ትሉታላችሁ? ልብስ ማጠብ እጀምርና ትቼው እነሳለሁ። ደጅ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ወንድሙ በዚሁ በሽታ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ሲሞት ያስታመምኩት እኔ ነኝ። እሱንም እንደዚያ ላስታምም ነው እያልኩ ተቃጠልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት አላስችል አለኝ። ከጣራ ላይ የተረፈችውን ነጯን፣ ከእጁ የምትበላውን፣ ይዤ ወረድኩ። ፊቱ ተጋደምኩና እምብርቴ ላይ ልክ እንደዚያ ሰውዬ ጭምቅ አድርጌ ያዝኳት።

"ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ?"

"ዝም ብለህ እይ።"

ተንፈራገጠች። ልቧ መዳፌ ላይ ሲመታ ልለቃት ዳድቶኝ ነበር፤ አለቀቅኳትም። አንገቷ ዘንበል አለ።

"በል ንገረኝ። ከእኔ ከጤነኛዋ ምን መጠጠች?"

ተቀበለኝና ደረቷን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። "ታፍና ነው" አለ። ወደ ጣራው ቀና ብሎ ደግሞ "ሁሉም ታፍነው ነው የሞቱት" አለና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ያቺን ወፍ እወዳት ነበር።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ልክ ልካችንን ነገረችንና ሕክምናውን እንደገና አስጀመረችው። የመጨረሻው የደም ውጤት እስኪመጣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

ነጻ ነህ በተባለ ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ የሰውዬው ደጅ ላይ ሰው እርግቡን ታቅፎ ተሰልፏል። መትወሊ ፊተኛውን ጎረምሳ ክንዱን ያዘው።

"ወፏን ልቀቃትና ተከተለኝ" አለው። "ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ እንድረስ።"