የሳሊሃ ሽታ

መሀቡባ የምታድርባት ክፍል ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት መሽተት ጀመረች። ዓረብ አገር፣ አል ሀይል በሚባል ሰፈር፣ በሠራተኝነት ከምታገለግልበት ቪላ ኩሽና ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መሀቡባ ነጭ ሽንኩርት ካፏ ካደረገች ወር አልፏታል። ትራሱን አጠበች፣ መስኮቱን ከፈተች፤ ሽታው ግን አብሯት ተኝቶ አብሯት ይነሳል።

ታውቀዋለች። ወሎ ሳሉ የታላቅ እህቷ የሳሊሃ እንቅርት እየከበደ ትንፋሽ ሲያሳጥራት፣ እናታቸው ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ አንገቷ ላይ አስራላት ነበር። ቋጠሮው እንዳለ ነው የሞተችው። «እኔን የያዘ አንቺን አይያዝሽ» ነበር የመጨረሻ ቃሏ።

አሠሪዋ ማማ ሱዓድም የአንገት ዕጢ ያማቸዋል። ሐኪማቸው በቀን ሁለት ፍሬ የብራዚል ለውዝ እንዲበሉ መክሯቸው ነበር፤ ሴሌኒየም የሚባል ማዕድን አለው፣ ዕጢውን ይረዳል ብሎ። አሮጊቷ ጣዕሙን ጠሉት።

«ኻላስ፣ በቃኝ፣ አንቺ ብዪው! ልጆቼ እንዳያዩ ብቻ» ብለው የለውዙን ቆርቆሮ ሰጧት። ልጆቻቸው ባለቀ ቁጥር ሌላ ይገዛሉ። መሀቡባ መስታወት ፊት አንገቷን ትዳብሳለች፤ ያበጠ በመሰላት ቁጥር እፍኝ ታነሳለች።

ፀጉሯ በማበጠሪያው እየተነቀለ መጣ። ጥፍሯ ተሰነጣጠቀ። «ሳሊሃ ልትወስደኝ መጣች» አለች በልቧ።

ማማ ሱዓድን ተከትላ ቦሻር ክሊኒክ በሄደችበት ቀን፣ ሐበሻዋ ነርስ ረውዳ አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች።

«ምን ቢያሳድድሽ ነው ይህን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት የበላሽው?»

«ላንቺም ሸተተሽ?» መሀቡባ ክው አለች።

«ከአፍሽ እኮ ነው!»

እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት። ረውዳ ጥፍሯን አገላብጣ አየች፤ ሳቋም ጠፋ።

«ለውዙን በቀን ስንት ትበያለሽ?»

«እንደ ፍርሃቴ ነው።»

«ስሚኝ እህቴ፤ ሴሌኒየም ሲያንስም ይጎዳል፣ ሲበዛም ይመርዛል። ሽታውም፣ ፀጉሩም፣ ጥፍሩም ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። እንቅርት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአዮዲን እጥረት ነው የሚመጣው። ለሐኪሙ ነግሬ ደምሽን እናስመረምራለን። ለውዝ ግን ከዛሬ ጀምሮ ማፊ፣ የለም!»

ውጤቱ መጣ፤ ዕጢዋ ደህና ነው፣ ሴሌኒየሙ ግን ከልክ አልፏል። መሀቡባ ለውዙን ተወች። ሽታው በየቀኑ እየሳሳ ሄደ።

አንድ ማለዳ ስትነቃ ክፍሏ ሳሙና ብቻ ሸተተ።

«ሳሊሃ?» አለች ቀስ ብላ።

ትራሷን አንስታ አሸተተች፤ ሳሙና ብቻ።

እህቷ ስትሞት እንኳ ቤቱ እንዲህ ባዶ አልሆነባትም። ሽታው ይመለስላት እንደሆነ ተነስታ ቆርቆሮውን ከፈተች፣ እፍኝ ሙሉ አነሳች። ከንፈሯ ጋ ሲደርስ እጇ ቆመ። እኔን የያዘ አንቺን አይያዝሽ።

ፍሬዎቹን አንድ ባንድ መለሰቻቸው።

«እሺ፣ ሂጂ» አለችና ክዳኑን ገጠመችው።