ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋው ልጅ

«በቃችሁ!» አለች ጎረቤቴ አስካለ፣ ዛሬ እዚህ ጉለሌ፣ በልጇ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ።

ልጇ ዳዊት ለሥራ በሄደበት ክፍለ ሀገር፣ አንድ ሰው ገበያ መሃል ተኩሶ ከገደላቸው ብዙዎች አንዱ ነው። ወንዶቹ ሰውዬው ለምን እንደተኮሰ ይከራከራሉ።

«ፖለቲካ ነው!»

«ኧረ እብድ ነው!»

«ተልኮ ነው እንጂ!»

ንፍሮው እንኳ አፋቸውን አልያዘላቸውም።

«የገዳዩን ልብ ስትመረምሩ ዋላችሁ። የልጄን ሳቅ የሚያስታውስ የለም?»

ከሁሉም አጥብቆ ሲሟገት የነበረው የሰፈራችን ሹፌር አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋ ነበር» አላት።

እያለቀሰች ፈገግ አለች።

የእኔም ባል በጥይት ነው የሞተው። ለምን እንደገደሉት ስጠይቅ ዓመታት አለፉ፤ አሁን ሳቁን ላስታውስ ብል እምቢ ይለኛል። ናፈቀኝ።

እናንተስ ያጣችኋቸው ሰዎች እንዴት ነበር የሚስቁት? ሳትረሱት ጻፉልኝ።