የገመቹ ጊታር ግድግዳ ላይ አትሰቀልም

ዛሬ ጠዋት የባንዳችን ኪቦርድ ተጫዋች ዳዊት ደውሎ «ገመቹ አረፈ» ሲለኝ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቀልድም ልክ አለው» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ። አላነሳሁም። ካላነሳሁት የማይሆን መስሎኝ ነበር።

ሱቄን ዘግቼ ቡራዩ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል።

ትናንት እኮ ከገመቹ ጋር በስልክ ስንጨቃጨቅ ነበር! እሁድ ሱሉልታ የልጅነት ጓደኛው ልጁን ይድራል፣ እኛ ነን የምንጫወተው። «አሮጊቷን ነው ይዤ የምመጣው» አለኝ። «ሌላዋን ጊታር አምጣ፣ ታሳፍረናለች» አልኩት። «አንተ ነህ የምታሳፍራት» ብሎ ሳቀ። በዚሁ ተለያየን።

ለማታውቁት፣ ገመቹ ጊታሪስታችን ነው። ነበር ማለት ዛሬ አልችልም። ሰበታ፣ ዓለም ገና፣ ቡራዩ የተዳራችሁ ሰዎች የሰርግ ቪዲዮአችሁን ክፈቱ። ጥግ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጫወተው ረጅሙ ሰው እሱ ነው። ከጎኑ ሁለተኛ ጊታር የያዝኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ «ሳይታወቅ ሞተ» እያላችሁ የምትጽፉ፣ እባካችሁ ተዉን። እናንተ ስላላወቃችሁት ነው ያልታወቀው?

ሦስት ያረጁ ጊታሮች አሉት። ሦስቱም ያለ ኬብልም ይሠራሉ፣ ድምፅ ማጉያው አምፕ ላይ ተሰክተውም ይሠራሉ። አንዷ ጀርባዋ ድብልብል ፕላስቲክ ነው። ቁጭ ብለህ ስትይዛት ከጭንህ እየተንሸራተተች ታስቸግራለች፤ ስትሰካት ግን ድምጿ ጥርት ብሎ ከከበሮው መሀል ይወጣል። ሁለተኛዋ ቀጭን ናት። ያለ ኬብል ጣሳ ነው የምትመስለው። አንገቷ ግን ለጣት ይመቻል፣ ትልቅ ስፒከር ፊት ብትቆምም እያፏጨች አትጮህም።

ሦስተኛዋ አሮጊቷ ናት። ሙሉ እንጨት። አንገቷ ወፍራም ነው፣ ክሯ ከፍ ያለ ስለሆነ አንድ ሁለት ዘፈን ከተጫወትክባት ጣትህ ይቃጠላል። ቤት ውስጥ ያለ ኬብል ስትሰማት ሌሎቹን ትረሳቸዋለህ። ውስጧ ያለው የድሮ ፒክአፕ፣ ድምፅ መሳቢያው፣ ግን ገና ሲሰካ «እምምም» እያለ ያጉረመርማል። እጅህን ክሩ ላይ ስታሳርፍ ዝም ትላለች። ስንቱ የመድረክ ሳውንድ ማን «ኧረ ቀይርላት» ብሎ ለመነው! «ምንም አልሆነችም፤ እጅ ነው የምትፈልገው» ይላል ገመቹ።

እሁድ ከሰዓት እሱ ቤት ተሰብስበን ሦስቱን እናወዳድር ነበር። ደንቡ አንድ ነው። እሱ ይጫወታል፣ እኛ ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን። «ዓይናችሁ ይዋሻል፤ ዞር በሉና ስሙ!»

አንድ ቀን እንደ ልማዳችን ዞረን አሮጊቷን እያማናት ነው። ዳዊት «ድምጿን ቀንስ» ይላል። እኔ «ቤዙ በዛ» እላለሁ።

«አሁንስ?» አለ ገመቹ።

«ትንሽ ቀረው።»

«አሁንስ?»

«ይኸው! አሁን ገና ሰው ሆነች! ማጉረምረሙም ጠፋላት፤ ሲያስቸግረን የነበረው የአምፑ ማዞሪያ ነው ማለት ነው» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ዞር ስል፣ የአምፑ ቀይ መብራት የለም። ለካ የሰፈሩ መብራት ከሄደ ቆይቷል። ባለቤቱ ጫልቱ በሩ ላይ ቆማ በሳቅ ፍርስ ብላለች። እሱ ፊቱን ኮስተር አድርጎ የማይሠራውን ማዞሪያ ያዞራል። «ኦቦሌሳ፣ ልጨምርልህ?»

«ኦቦሌሳ» በኦሮምኛ ወንድሜ ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር «ኦቦሌሳ፣ ልጨምርልህ?» ነው። ሲያበሳጨኝ ኖረ። ዛሬ የሚያበሳጨኝ ጠፋ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ድንኳን ውስጥ አንድ የላውንጅ ባለቤት አጠገቤ ተቀምጦ ንፍሮውን እየቆረጠመ፣ «አሮጊቷን ግድግዳዬ ላይ ልስቀላትና ከሥሯ ፎቶውን ላድርግ፤ መታሰቢያ ትሆነዋለች» አለኝ። ሰውየው ክፋት የለውም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «እሷ እሁድ ሥራ አላት» አልኩት።

አንድ ጎረቤት ሰማና «አፈሩ ሳይደርቅ ጊታር? ነውር አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ነውሩን አጥቼው አይደለም። እኔም አገሬ ነው። አንገቴን ደፋሁ። ጫልቱ ግን ከሴቶቹ መሀል ተነስታ ወደ ቤት ገባች። የተቀየመችኝ መስሎኝ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። አሮጊቷን እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች።

በኦሮምኛ «ፉዳዱ!» ደግማም በአማርኛ «ውሰዳት» አለችኝ። «ገመቹ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ሞተ ብለን እኛ አናጥፍበትም። ደግሞ ውስጧን የነካ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው!»

ተቀብያት አቀፍኳት።

ስለዚህ ነገ እንቀብረዋለን፤ እሁድ ሱሉልታ እንጫወታለን። ነውር ነው የምትሉ፣ በሉ። የግድግዳ ጌጥ የምትፈልጉ ሌላ ፈልጉ። እንባዬ መድረክ ላይ ከመጣም መድረክ ላይ አለቅሳለሁ።

ገመቹ ወንድሜ፣

ይህን ስጽፍልህ አሮጊቷ ጭኔ ላይ ናት። ሰካኋትና አጉረመረመች። እጄን አሳረፍኩባት። ዝም አለችልኝ። ያኔ ነው ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት ሁሉ የፈነቀለኝ።

ክሯን አላወርድም፤ ጣቴ ይቃጠል። ፒክአፗን አላስነካም፤ ሳውንድ ማኑ ያብድ። ብታሳፍረኝም ታሳፍረኝ።

ይኼን ሁሉ ዘመን እኛን ወደ ግድግዳ አዙረህ ስታሰማን ኖርክ። እሁድ ተራው ያንተ ነው።

ነጋቲ፣ ደህና ሁን ገመቹ። ዞር በልና ስማ።